አንድ ወንበር ያለው ሳሎን

አቶ ሀብተወልድ ሞተው የተገኙት እሑድ ቀትር ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ፣ የባህር ዛፉ ሽታ ሳሎን ድረስ በሚዘልቅበት ቪላቸው ውስጥ። ሻምበል ፀሐዬ ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር በሕይወት ሳሉ ደጃፋቸውን የሚረግጥ አልነበረም፤ ሲሞቱ ግን መንደሩ ተግተልትሎ መጣ። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ለለቅሶ ማን ብሎት!

ፀሐዬ የፖሊስ መርማሪ ነው፤ ወሬ አያበዛም። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ እራቱን ቡና ቤት ይበላል። የብቸኛ ሰው ቤት ሲገባ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ይህንንም ቤት ገና ደፉን ሲረግጥ አወቀው።

ሰፊው ሳሎን ውስጥ ያለው ዕቃ አንድ እፍኝ አይሞላም። መሀል ላይ ከግድግዳው ርቀው ሁለት ጠፍጣፋ ጥቁር ነገሮች ቆመዋል፤ ከማጠፊያቸው የተነቀሉ በሮች ይመስላሉ። ስፒከሮች ናቸው። ከፊታቸው አንድ ባለመደገፊያ ወንበር፣ ራቅ ብሎ በጎን በኩል ከእሳት ምድጃው አጠገብ አንድ በርጩማ አለ። በርጩማው ሥር የሟቹ መነጽርና ግማሽ የተጠጣ ሻይ ተቀምጧል።

አቶ ሀብተወልድ ከግራው ስፒከር ጀርባ ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። የስፒከሩ የኋላ ክዳን ተፈትቷል፤ ካቻቢቴ ከቀኝ እጃቸው አጠገብ ወድቋል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቱሉ ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቀው። የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነው አለ። ስፒከሩን ሲያድስላቸው የከረመው ላምበረት ሱቅ ያለው ነጅመዲን ነው፤ ቅዳሜም ሲነካካው ውሏል፤ ካቻቢቴውም የሱ ነው። ስለዚህ ነጅመዲን ተይዟል።

«አሻጥር ነው ጓድ ሻምበል። ነገ ከሰዓት ወደ ላይ እናስተላልፈዋለን።»

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባል ቃል አንዴ ከተለጠፈ የሚላጥ አልነበረም። ወደ ላይ የተላለፈን ሰው ደግሞ ፖሊስም አይጠይቀውም፤ የገባ እንጂ የወጣ ብዙ አልታየም። ፀሐዬ እስከ ነገ እኩለ ቀን ጊዜ እንዲሰጠው ጠየቀ። ቱሉ ፊቱን አጨፍግጎ እሺ አለ።

ፀሐዬ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ጣቶቻቸው ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። ከኋላ ጭንቅላታቸው አብጦ ደም ደርቆበታል። ዓይናቸው ተከድኗል፤ እግሮቻቸው ገጥመዋል፤ ራሳቸው ወደ ምዕራብ፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነው። ተነሥቶ ወደ ምድጃው ሄደ። ከዳር እስከ ዳር ጥላሸት የለበሰው ድንጋይ አንዱ ጠርዙ ብቻ ጸድቷል። ሬሳው ወደ ሆስፒታል እንዲወሰድ አዘዘ።

መጀመሪያ ያነጋገረው አብራቸው የምትኖረውን የእህታቸውን ልጅ ወርቅአየሁን ነው። ዓይኗ አብጧል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቀትር ላይ ስትመለስ እንዲሁ ተኝተው አገኘቻቸው፤ እጇንም አላሳረፈችባቸውም፤ ጩኸቷን አቅልጣ ወጣች። የዘፈኑ ሸክላ ግን አልቆ መርፌው እየተንጫጫ ይዞር ስለነበር ተመልሳ አጠፋችው።

ስለ ስፒከሮቹ ስትጠየቅ በረጅሙ ተነፈሰች። ድሮ አጎቷ ትልቅ የእንጨት ግራሞፎን ነበራቸው። እሑድ እሑድ መንደሩ እዚህ ሳሎን ይሰበሰባል፤ የትም ብትቀመጥ የሚሰማህ ያው ነው። ከዚያ አገር ለቆ የሚሄድ አንድ የውጭ አገር መምህር እነዚህን ጠፍጣፎች አስመኛቸው። መኪናቸውን ሸጠው ገዙ። በዚያም አላበቃም። አምፕሊፋየሩ ደከመ ተብሎ በአዲስ ተለወጠ፤ ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ አረጀ ተብሎ ነጅመዲን እንደ አዲስ ወጠረው፤ ከመሬት ከፍ ይበሉ ተብሎ የባህር ዛፍ እግር ተቀጠለላቸው። ወንበሮቹም ድምፁን ይበላሉ ተባሉና አንድ በአንድ ወጡ።

«ድምፁ በጠራ ቁጥር ሰው እየቀነሰ መጣ» አለች ወርቅአየሁ። «መጨረሻ ላይ እሳቸውና ያ ወንበር ቀሩ። በዚያ ወንበር ላይ እኔ እንኳ ተቀምጬ አላውቅም።»

ፀሐዬ ሸክላውን አስነሣና በክፍሉ ዙሪያ በቀስታ ተራመደ። ነገሩ ጉድ ነው። ከፊት ሆነህ ዘፈኑ ይሞላሃል፤ ከጀርባም ሆነህ ይሰማሃል፤ በጎን በኩል ስትደርስ ግን ዘፋኟ በር ዘግታ እንደ ወጣች ድምፁ ጥፍት ይላል። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ የሚሰማው ቅራሪ ነው። ተነሥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ግን ዘፋኟ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ቆማ ብቅ አለች፤ ስንኝ ሳትጀምር ትንፋሿን የምትስበው ሳይቀር ይሰማል። እጁን ቢዘረጋ የሚነካት መሰለው። ፖሊስነቱን ረስቶ የሸክላው ገጽ እስኪያልቅ ተቀመጠ፤ ሲያልቅ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነበት። ሟቹ ይህን ዓመቱን ሙሉ ለብቻቸው ሲቀምሱ እንደኖሩ ገባው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ዘነበ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በመኪናው መሸጥ ተጣልተው እንደነበር አልደበቀም፤ መንደሩም የዘነበን ስም በሹክሹክታ እያነሣ ነበር። ፀሐዬ ስለ ጠቡ ብዙ አልጠየቀውም። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቅ እንደሆነ ብቻ ጠየቀው።

«ታላቄ በርጩማ ላይ ሆኖ እኔ ወንበር ላይ?» አለ ዘነበ ተገርሞ። «አባታችን ከመቃብር ተነሥቶ ይገርፈኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ ጣቢያ ወረደ። በሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ሻርፕ ተከናንባ ቆማለች፤ ረሂማ ትባላለች፣ የነጅመዲን ሚስት ናት። ዘበኛው ሂጂ ቢላት አልሄደችም። ፀሐዬን ስታይ ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ነጅመዲን ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር አንገቱን ጠምዝዞ ቀኝ ጆሮውን ያስጠጋል። ኦጋዴን ላይ መድፍ ግራ ጆሮውን እንደ ወሰደበት ነገረው።

«ያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሞክረኸዋል?»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል ጌታዬ? አንድ ጆሮ ላለው ሰው የትም ቢቀመጥ ያው ነው። እኔ በመለኪያዬ አያለሁ፤ የሚሰሙት እሳቸው ነበሩ።» ደግሞም ጨመረ፤ «ያ ዕቃ ይናከሳል። አንዴ ነክሷቸው ከዚያ ወዲህ ከሶኬት ሳይነቅሉ ክዳኑን አይነኩም። ልጄ ይሙት፣ እኔም ሳይነቀል አልከፍትም።»

የቀሩት ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት አቶ ለይኩን ናቸው። ከሟቹ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ የድሮ ወዳጃቸው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ለፀሐዬ ያቀረቡለት ወንበር አቧራ ነበረበት፤ አፍረው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። ከዓመት በፊት እነዚያ ጠፍጣፎች ከመጡ ወዲህ ያንን ቤት ረግጠው፣ ከሟቹም ጋር ተነጋግረው እንደማያውቁ ነገሩት።

«ምን አስጠላዎት አባቴ?»

«ምን ያስጠላል ልጄ፣ ነገሩማ ግሩም ነው። ዘፋኟ ከፊትህ ቁማ ትንፋሿን ስትስብ ትሰማታለህ። ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የአንድ ሰው ደስታ ምን ደስታ ነው?»

ፀሐዬ አመስግኖ ወጣ። መንገድ ላይ ቆም ብሎ ወደ እንጦጦ አየ፤ ሴቶች ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ። ያወቀውን ባላወቀ ደስ ባለው።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ነጅመዲንም እጁ እንደታሰረ መጣ፤ ረሂማ ተከትላ ደጅ ቀረች። መሀል ላይ ያለው ወንበር ባዶውን ነው፤ የተቀመጠበት ሰው የለም፣ ሁሉም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ሐኪሙ ኤሌክትሪክ አልነካቸውም ብሏል» ሲል ጀመረ ፀሐዬ። «ጭንቅላታቸው በድንጋይ ጠርዝ ተመትቷል። የምድጃው ጠርዝ ተጠርጓል። ወርቅአየሁ ስትገባ ሸክላው ይዞር ነበር፤ አንዴ የተነከሰ ሰው ደግሞ እየዘፈነ ያለ ስፒከር አይፈታም። እዚያ ምድጃው ላይ ወደቁ፤ ሰው ነው እዚህ ያመጣቸው፣ ክዳኑንም የፈታው።»

«ታዲያ ነጅመዲን ነዋ ያመጣቸው» አለ ቱሉ።

«ያመጣቸው ሰው ዓይናቸውን ከድኗል፤ እግራቸውን ገጥሟል፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙሯል። ለማታለል የሚቸኩል ሰው ይህን አያደርግም። እጁ ያለ ፈቃዱ የለመደውን ሠራ። ነጅመዲን ቢሆን በቀኝ ጎናቸው ወደ ቂብላ ያስተኛቸው ነበር። ይህ የክርስቲያን እጅ ነው፤ ያውም የሚወዳቸው ሰው እጅ ነው።»

ዘነበ ወርቅአየሁን አየ፤ እሷም እሱን አየችው። ፀሐዬ ወደ በርጩማው ሄደ።

«መነጽራቸውና ሻያቸው እዚህ ነበር። እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ ድምፅ የለም። መኪናውን ሸጦ ይህን ዕቃ የገዛ ሰው ዘፈን ከፍቶ እዚህ ለምን ይቀመጣል? ወንበሩን ለሌላ ስለ ለቀቀ ነው። ለማን ይለቃል? ለታናሽ ወንድም አይለቅም። ለእህት ልጅም አይለቅም፤ ቢለቅ እንኳ እነሱ አይቀመጡም። ነጅመዲን ወንበሩ አይጠቅመውም። ጓድ ቱሉ፣ አንተ ስትመጣ ተነሥተውልህ ያውቃሉ?»

«እኔንማ አግዳሚ ከጓዳ አስመጥተው በር ላይ አስቀመጡኝ» አለ ቱሉ፤ ቂሙ እስካሁን አልበረደም።

«እኚህ ሰው ኖር ብለው ብድግ የሚሉት ለታላቃቸው ብቻ ነው። እዚህ መካከል አንድ ታላቅ አላቸው። እኚያ ታላቅ ቤቱን ረግጬ አላውቅም ብለውኛል። ዘፋኟ ትንፋሿን ስትስብ እንደምትሰማ ግን ነገሩኝ። ያ ትንፋሽ ከዚህ ወንበር በቀር የትም አይሰማም፤ እኔ ራሴ ዞሬ አይቼዋለሁ። ከሟቹ ሰምቻለሁ ሊሉኝ ይችላሉ። ግን ከዓመት በፊት ነው መነጋገር ያቆማችሁት፤ አይደል አቶ ለይኩን?»

ሽማግሌው አልካዱም። በዝግታ ተራምደው መጡና እጃቸውን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፉ።

«ዓመቱን ሙሉ በአጥር እሰማ ነበር» አሉ። «የድምፁን ጀርባ ነበር የምሰማው። እሑድ ዕለት አላስቻለኝም፣ መጣሁ። ‹ኖር ጋሼ ለይኩን› ብሎ ተነሣልኝ። ተቀመጥኩ። ልጄ፣ ምን ልበልህ፣ አለቀስኩ። ገጹ አለቀ። ‹በሉ ጋሼ፣ ሁለተኛውን ለብቻዬ ነው የምሰማው› አለኝ። አብረን እንስማው አልኩት። ‹አብሮ አይሰማም፣ ወንበሩ አንድ ነው› አለኝ። ክንዴን ይዞ ሊያስነሣኝ ሲል ገፋሁት። መግፋቴ ነው፣ ሌላ አላሰብኩም። ምድጃው ላይ ወደቀ።»

ወርቅአየሁ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ሳየው ትንፋሽ የለውም። ዓይኑን ከደንኩለት። ደሙን ጠረግሁ፣ ምንጣፉ ላይ አድርጌ ጎተትኩት፣ ያንን ክዳን ፈታሁ። ከዚያ...» ድምፃቸው ወረደ። «ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ አዙሬ ተቀመጥኩ። ‹ሰማህ ይቺን?› ብዬ የምዞርበት ሰው አልነበረም። ምንም አልጣፈጠኝም። ሳያልቅ ተነሥቼ ሄድኩ።»

ፀሐዬ የቀረውን ጥያቄ ሊተወው አስቦ ነበር፤ ግን አልሆነለትም።

«ዛሬ ከሰዓት ነጅመዲን ይወሰድ ነበር። ዝም ሊሉ ነበር?»

አቶ ለይኩን ወደ ነጅመዲን ቀና አሉ። የሚሉት ክፉ መሆኑን እያወቁ አሉት።

«ትናንት ጣቢያው ድረስ ወርጄ ነበር፣ ልናገር። ሚስቱ በር ላይ ቆማ አየኋት። ዝናብ መጣ፣ አልሄደችም። እሱስ የሚጠብቀው ሰው አለው፣ እኔ ብታሰር ማን በር ላይ ይቆምልኛል አልኩ። ቀናሁበት። በታሰረ ሰው ቀንቼ ተመልሼ ገባሁ።»

ቱሉ ራሱ ገመዱን ፈታ። ነጅመዲን እጁን እያሻሸ ቆመ፤ ሽማግሌውንም አልሰደባቸውም፣ ምሬዎታለሁም አላላቸውም። እየወጣ ሳለ በሩ ላይ ረሂማ ተቀበለችው። ያወሩት በሹክሹክታ ነው፤ እሷ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ባሏ ተመለከተች።

ፀሐዬ አቶ ለይኩንን ክንዳቸውን ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳቸው። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ገለል አለላቸው። ረሂማ ግን ከሻርፗ ሥር ለባሏ ይዛው የመጣችውን ምሳ ዕቃ አውጥታ መንገዳቸው ላይ ቆመች።

«ምሳ የሚያመጣልዎት አለ?»

ሽማግሌው የለም ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይያዙት። ሽሮ ነው፣ ሥጋ የለበትም።»

አቶ ለይኩን ምሳ ዕቃውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ገና ትኩስ ነበር። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ጭናቸው ላይ አድርገው አቀፉት፤ ጣቢያ እስኪደርሱ ድረስም አልከፈቱትም።