የመጀመሪያው ጭረት

«ሬዲዮ፣ እስቲ አንዴ ዝም በይ፤ ማርሽ ልቀይር» አለ ሹፌሩ።

ሹፌሩ የሚጣ ታላቅ ወንድም ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሳምንቱ ነው። እናታቸው መኪናዋን ለብቻው ስትሰጠው ደግሞ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ሚጣንና ጓደኛዋን ለመረብ ኳስ ፍጻሜ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እያደረሳቸው ነው። ጓደኛዋ ሬዲዮ የተባለችው አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው። መስኮቱ ወርዷል፤ ሙዚቃው ይጮኻል፤ ሦስቱም ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይዘፍናሉ። ሚጣ እንዲህ ደስ ብሏት የዋለችበትን ቀን አታስታውስም።

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ሬዲዮ አሠልጣኛቸው ሲቆጣ ምን እንደሚመስል ማሳየት ጀመረች። ትከሻዋን ሰቀለች፣ ጉንጯን ነፋች። የሚጣ ወንድም በሳቅ ፍርስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ።

«ኧረ መንገዱን እይ» አለች ሚጣ።

መሪውን ለማዞር ዘገየ። መኪናው ኩርባው ላይ ከመንገዱ ዳር የብረት አጥር ጋር ተፋተገ፤ ጆሮ እየበሳ ጥቂት ተንሸራተተና ቆመ።

ማንም አልተጎዳም። ወርደው ሲያዩ የመኪናው ጎን ከፊት በር እስከ ኋላ በር ተጭሯል። ከአጥሩ ማዶ ገደል ነው፤ ከታች ያሉት ትልልቅ ዛፎች ቁጥቋጦ ይመስላሉ። ሬዲዮ አጥሩን ይዛ ቁልቁል አየች። ከዚያ ዞራ፣ «ግን ቁጭ አሠልጣኙን አልመሰልኩም?» አለች። ሦስቱም መሬት ላይ ዘፍ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ወንድሟ ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰው። «ለእማዬ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ሰው ጭሮት ሄደ እንበላት። በሞቴ፣ ሚጣዬ። አለዚያ ቁልፉን ሁለተኛ አላየውም።»

ቁልፉ ከሄደ ለሚጣም የዛሬው ዓይነት ቀን አይኖርም። እናታቸው ደግሞ ሥራዋ የመንገድ አደጋ ቁጥሮችን ማጠናቀር ነው። አዲስ ሹፌሮች፣ በተለይ ጓደኛ ጭነው ሲሄዱ፣ ከሌላው ይበልጥ እንደሚጋጩ እራት ላይ እስኪሰለቻቸው ነግራቸዋለች። አንድ ቀን ሚጣ፣ «አጥር ያተረፋቸውስ ስንት ናቸው?» ብላ ጠይቃት ነበር።

«እነሱማ ቤታቸው ገብተው እራታቸውን ይበላሉ» አለቻት እናቷ። «ለእኛ ማን መጥቶ ይነግረናል?»

ሚጣ ልብሷን አራግፋ ተነሣች። «ከፊት እኔ እቀመጣለሁ። ሙዚቃው ይዘጋ።»

«እኔስ ልዘጋ?» አለች ሬዲዮ።

«አንቺ ኩርባ ላይ ብቻ።»

ወንድሟ የተስማማችለት መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እማዬ፣ ሦስታችንም ደህና ነን፤ በእግራችን ቆመናል። ቆይ፣ እሱ ራሱ የሚነግርሽ ነገር አለ።»

ስልኩን ዘረጋችለት። ወንድሟ ስልኩን አየ፤ ገደሉን አየ። ከዚያ ያላበውን መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና ተቀበላት።