ሃያ አራተኛዋ ሟች

ወይዘሮ ደስታነሽ ሐሙስ፣ የካቲት 5 ቀን 1979 ጧት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ፤ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ዓርብ ጧት መርማሪው መቶ አለቃ ሞቱማ፣ አምቦ ከተማ ከገበያው በላይ ወዳለው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተጠራ። የተጠራው ግን እንዲመረምር ሳይሆን እንዲፈርም ነበር።

ሊቀመንበሩ ጓድ ነጋሳ «ተቀመጥ» እንኳ ሳይለው አንድ ባለ ካሬ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል።

«ይህን እይ፣ ጓድ መቶ አለቃ። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆነው ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞቱ የቀበሌያችን ነዋሪዎች ናቸው። በ1975 ሁለት፣ በ76 ሦስት፣ በ77 ስምንት፣ በ78 አሥራ አንድ። ዘንድሮ ገና የካቲት ሳያልቅ አምስት ሰው ሞቷል። መርፌ ወጊው ድሬሰር ፈየራ ወደ ክሊኒኩ የመጣው መቼ ነው? ጥቅምት 1977!»

«ወይዘሮ ደስታነሽስ?»

«ረቡዕ ቀን መርፌ ወጋቸው፣ ሐሙስ ጧት ሬሳ ሆኑ። ምን ቀረ? ሰውየው ታስሯል፤ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አንተ የክሱን ወረቀት ፈርም።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ክስ ተለጥፎበት ወደ አዲስ አበባ የተጫነ ሰው፣ ቤተሰቦቹ ስንቅ ይዘው ይከተሉትና ስንቁን እንደያዙ ይመለሱ ነበር። ሞቱማ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሲያዩት እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ሰው ነው፤ ባልደረቦቹ ሲያሙት «ፊርማ የሚከብደው» ይሉታል። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠው።

«እስከ ሰኞ ጊዜ አለን። ወረቀቱን ማን ሠራው?»

«መምህር ዘገየ፤ የሟቿ የወንድም ልጅ። የሒሳብ መምህር ነው፣ በግምት አያወራም።»

ከወረቀቱ ግርጌ ክብ ማኅተም ተመቷል፤ አጠገቡ «የካቲት 3» ተብሎ ተጽፏል። ነጋሳ እጁ የገባ ወረቀት ሳይማተም ካደረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው፤ የሠርግ መጥሪያ እንኳ ያትማል እየተባለ ይታማል። ሞቱማ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ፈየራ የታሰረው ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ፣ የቀበሌው ሱቅ ስኳር በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነበር። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፏል።

«አካም ጅርታ፣ ፈየራ?»

«ምን መኖር አለ፣ ኦቦ ሞቱማ! መርፌው ለጉልበታቸው ሐኪም ያዘዘላቸው ነው። ሽማግሌ ሲታመም የምጠራው እኔ ነኝ። ሲሞት ስሜ ቢነሳ ምን ይገርማል? ዋቃቱ ቤካ፤ ፈጣሪ ያውቃል።» ከዚያም «ልጆቼ ከሰኞ በፊት ያዩኛል?» ሲል ጠየቀ።

ሞቱማ ወጥቶ ወደ መዝገብ ክፍሉ ሄደ።

የሞት መዝገቡን የሚይዘው ወሰኑ፣ በእጅ ጽሑፉ የሚኮራ ለግላጋ ወጣት ነው። መዝገቡን የተረከበው መስከረም 1977 ሲሆን፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ኦቦ ጉደታ በሕይወት የሉም።

«የኦቦ ጉደታ አሠራር ትክክል አልነበረም» አለ ወሰኑ። «ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት ጎረቤት ጠይቀው ምች፣ ሳል፣ ብርድ እያሉ ይጽፉ ነበር። እኔ ግን የሥጋ ዘመድ መጥቶ ካላስረዳኝና ካልፈረመ “ያልታወቀ” ብዬ ነው የማልፈው።»

ሞቱማ ምሳውን ትቶ እያንዳንዱን ገጽ በእርሳስ ቆጠረ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«የወይዘሮ ደስታነሽን ሞት መጀመሪያ የነገረህ ማን ነው?»

«እታገኝ መጥታ ነበር። የሥጋ ዘመድ ስላልሆነች መለስኳት። በኋላ መምህር ዘገየ መጥቶ ፈረመ።»

እታገኝን ወይዘሮ ደስታነሽ ከሰባት ዓመቷ ጀምረው አሳድገዋታል፤ አሁን ደግሞ በተራዋ የምትጦራቸው እሷ ነበረች። ሞቱማ ሲደርስ የሟቿን ነጠላ ታጥብ ነበር።

«ወሰኑ ባይመልስሽ ምን ልትነግሪው ነበር?»

«እማማ አልታመሙም ልለው። ረቡዕ ማታ ሽሯቸውን በልተው፣ በቀረቻቸው አንዲት ጥርስ እየሳቁ ነው የተኙት። “ነጠላዬን እጠቢልኝ፣ ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይመጣሉ” ብለውኝ ነበር።»

«የምን ሽማግሌዎች?»

«የኑዛዜ። ቤቱን ለኔ ሊያደርጉት።» ነጠላውን ከእጇ ለቀቀችው። «ምነው ባልተናዘዙ፣ ምነው በኖሩልኝ!»

«ዘገየ ያውቅ ነበር?»

«ሽማግሌዎቹን እንዲጠራ የላኩት እሱን ነው እኮ። የሚያድረውም ከእሳቸው ክፍል ቀጥሎ ነው፤ እኔ የምተኛው ጓሮ ማድ ቤት ነው።»

ዘገየ በለቅሶው ድንኳን ሥር ከሐዘንተኞቹ መካከል ቀና ብሎ ተቀምጧል። ሞቱማ አጠገቡ ተቀመጠና አጽናናው።

«አክስትህ በምን ሞቱ?»

«ምክንያቱ አይታወቅም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ቁጥሮቹን ለጓድ ነጋሳ አሳይቻለሁ» አለ ዘገየ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሁሉ ቃላቱን እየለየ።

የቀሩት ሬሳውን የገነዙት እትዬ ብርቅነሽ ብቻ ነበሩ። ገና ከበር ሲያዩት ፊታቸውን አጠቆሩበት።

«ያዩትን አልጠይቅዎትም፣ እትዬ» አላቸው።

«ብትጠይቀኝም አልነግርህም። ገናዥ ያየችውን ካወራች ነገ ማን ሬሳ ይሰጣታል?»

«ስለ ሥራዎ ብቻ ይንገሩኝ። ለወይዘሮ ደስታነሽ አፍ ጥጥ ስንት ጊዜ ቀየሩ?»

ብርቅነሽ የበሩን መዝጊያ ያዙ። «ሦስት ጊዜ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«አንዱ ይበቃል» አሉና በሩን ዘጉ።

ቅዳሜ ሳልስት ነው። ለኑዛዜ ምስክርነት የተጠሩት ሽማግሌዎች በዚያው ቀን፣ በዚያው ግቢ ለለቅሶ ተቀመጡ። ሞቱማ ነጋሳን፣ ወሰኑን ከነመዝገቡ፣ ፈየራንም በሁለት ጥበቃዎች መካከል ድንኳኑ ሥር አስመጣ። ፈየራ ሲገባ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ።

«ጓድ ነጋሳ፣ ይህ መስመር ትክክል ነው» ሲል ጀመረ ሞቱማ፣ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ። «ምክንያታቸው ሳይታወቅ የሞቱ አዛውንቶች በዝተዋል። የሞቱት አዛውንቶች ግን አልበዙም። በ1975 በጠቅላላው ሃያ ሰባት፣ በ76 ሃያ ስድስት፣ በ77 ሃያ ሰባት፣ በ78 ሃያ አምስት። ነፍሰ ገዳይ ቢኖር ይህ ቁጥር ከፍ ይል ነበር። የተለወጠው ጸሐፊው ነው። ኦቦ ጉደታ ጎረቤት ይጠይቁ ነበር፤ ወሰኑ አይጠይቅም። በዚያው በ1977 ፈየራ ክሊኒኩ ገባ፣ ወሰኑም የኦቦ ጉደታ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናንተ ያያችሁት ፈየራን ብቻ ነው።»

ወሰኑ አንገቱን ደፋ።

«የሒሳብ መምህር ጠቅላላውን ሳይቆጥር እንዲህ ያለ መስመር አይስልም። አውቆ ነው የተወው» አለና ሞቱማ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እስቲ አባቶቼ፣ ቤቱ ሰው ሞቶበት በምን ሞተ ሲባል “አይታወቅም” የሚል ሰው ታውቃላችሁ?»

«ኧረ የለም» አሉ አንዱ። «ምች ይላል፣ ብርድ ይላል፣ ሲጠፋ ዓይን በላው ይላል።»

«ወሰኑ ከመጣ ወዲህ ሃያ አራት አዛውንቶች “ያልታወቀ” ተብለዋል። የሃያ ሦስቱ የፊርማ ቦታ ባዶ ነው። በሃያ አራተኛዋ ላይ ብቻ ዘመድ መጥቶ፣ “አይታወቅም” ብሎ ፈርሟል።»

ሰው ሁሉ ዘገየን አየ።

«አለማወቅ ወንጀል ነው?» አለ ዘገየ።

«አይደለም። ጓድ ነጋሳ፣ ይህን ወረቀት ያዝና ማኅተምህ አጠገብ ያለውን ቀን አንብብልን።»

«የካቲት 3። ማክሰኞ።»

«የመጨረሻው ነጥብ ስንት ላይ ነው?»

«አምስት ላይ።»

«ወሰኑ፣ ማክሰኞ ዕለት መዝገቡ ላይ ዘንድሮ “ያልታወቀ” የተባሉት ስንት ነበሩ?»

ወሰኑ ገጹን ገለጠ። «አራት።»

ሞቱማ ወረቀቱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ነጥብ በጣቱ ነካ።

«አምስተኛዋ ማክሰኞ በሕይወት ነበሩ። መምህሩ ግን ቆጥሯቸዋል። ወረቀቱን ቀድሞ ያዘጋጀው ከሞቱ በኋላ ሊያቀርበው ነበር። ማክሰኞ ግን ጓድ ነጋሳ፣ ስለ ፈየራ ለምታወራው ማስረጃ አምጣ አለው።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ የጠየቅሁት» አለ ነጋሳ፣ ድምፁ ወርዶ።

«እሱም የተዘጋጀውን አወጣ። ከዚያ ረቡዕ ማታ ትራስ ተጫናቸው። ያቺ አንዲት ጥርስ ከንፈራቸውን ከውስጥ ተለተለችው። ጥጡ በደም እየራሰ ሦስት ጊዜ የተቀየረው ለዚህ ነው።»

እትዬ ብርቅነሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና አለቀሱ፤ ያ በቂ ነበር።

ዘገየ ከተቀመጠበት ተነሳ። «የአያቴ ቤት ነው!» ብሎ ጮኸ። «የአያቴን ቤት ለገረድ!» የሚለውን የሰማ ሁሉ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ጥበቃዎቹ ፈየራን ለቀው እሱን ያዙት።

ፈየራ ግን እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሞቱማ ለወሰኑ «መዝገቡን ክፈትና እታገኝን ጠይቃት» አለው።

«የሥጋ ዘመድ…» ብሎ ጀመረና ወሰኑ አፉን ያዘ። ከዚያ ብዕሩን አውጥቶ «በምን ሞቱ?» አላት።

«ታፍነው» አለች። በስሟ ትይዩ አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ወሰኑ መዝገቡን አልዘጋም። ወደ ኋላ ገልጦ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ኦቦ ሌታ፣ ሰባ አምስት ዓመት።»

«ሳል ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሲያስሉ ነበር» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ ሰባ ዓመት።»

«ምች መታቸው፤ ከጉደር ሲመለሱ።»

እንዲህ እያለ ሃያ ሁለቱን አዳረሰ። አንድ ቀረ። «ጉዴ፣ ሰማንያ ገደማ፣ ወንዝ ዳር» ሲል አነበበ። መልስ የለም። ደግሞ አነበበ። ጎረቤቶቻቸው የነበሩት እርስ በርስ ተያዩ፤ በምን እንደሞቱ የጠየቀ አልነበረም።

«ልባቸው ነበር» አለ ፈየራ ከመሬት፣ ታስሮ የነበረ እጁን እያሻሸ። «ሲሞቱ አጠገባቸው ነበርኩ። እጄን ይዘው ነው ያረፉት።»

በድንኳኑ ውስጥ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም። ወሰኑ «ልብ» ብሎ ጻፈና፣ ለፊርማው መዝገቡን ይዞ ፈየራ ወደተቀመጠበት ሄደ።