ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው

ኤምሪስ ሜሪቼልን ለመጀመሪያ ጊዜ ባያት ቀን እኔ በነጭ ዱቄት ተለቅልቄ ሳር ላይ ተቀምጬ እስል ነበር። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከሁለቱ ቀጥሎ በደንብ የማውቀው እኔ ነኝ።

ላሴ እባላለሁ። የእሽቅድምድም መኪና ነጂ ነኝ። ቡድናችን ባለፈው ዓመት ከሁሉም ኋላ ነበር የጨረሰው። አለቃችን ፒፓ ግን የብርዱን ወራት በሙሉ ለጋዜጠኛውም ለስፖንሰሩም «ዘንድሮ መሃል እንገባለን» ስትል ከረመች። እንግሊዝ አገር ያለው ፋብሪካችን ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው ያንን ቃል ራሱ የሰጠው ያህል ይጨነቅበት ነበር።

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አዲሱን መኪና የምንሞክርበት ጊዜ አጭር ነው። በየካቲት፣ ከባርሴሎና ወጣ ብሎ ሞንትሜሎ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ። አንድ ቀን ካመለጠ አመለጠ ነው።

እኛ የመጀመሪያውን ቀን ገና በጠዋቱ አበላሸነው።

ዘጠነኛውን ኩርባ ስወጣ ሞተሩ ጸጥ አለብኝ። መኪናውን ዳር አስያዝኩት። በመስታወቱ ከኋላዬ ጭስ ሲነሳ አየሁ። ቀበቶዬን ስፈታ፣ ብርቱካናማ ቱታ የለበሰች ሴት የእሳት ማጥፊያ ተሸክማ ስትሮጥ መጣች። በየኩርባው ባንዲራ ይዘው ከሚቆሙት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ያየሁት ነገር ቢኖር ነጭ ብቻ ነው።

ጎትታ አወጣችኝና ሳር ላይ አስቀመጠችኝ።

«ደህና ነህ? የሚያቃጥልህ ቦታ አለ?»

«ጉሮሮዬን ብቻ...»

ኤምሪስ የቆመ መኪና በሚያነሳው ጭነት መኪና ደረሰ። ኤምሪስ ዋናው ሜካኒካችን ነው። የዌልስ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። ያንን መኪና ብሎን በብሎን የገጠመው እሱ ነው። ሲያየው ክው አለ።

«ምን አደረግሽ?»

«እሳት አጠፋሁ።»

«የታለ እሳቱ?»

«አጠፋሁት እኮ አልኩህ።»

«እሳት አልነበረም፤ እንፋሎት ነው! ዱቄቱ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል። ይህን ለማጽዳት ቀኑ ሙሉ አይበቃንም።»

«ጭስ አየሁ፤ ሰው ውስጥ አለ፤ ረጨሁ። ነገም ቢሆን እረጫለሁ» አለች ፍንክች ሳትል። «ደግሞ ቀኑ የማይበቃህ ከሆነ ከእኔ ጋር ምን ትጨቃጨቃለህ? ሄደህ አጽዳ።»

እኔ ሳቄ መጣ። ብስቅ ዱቄቱ ወደ ሳምባዬ ወረደና ይብስ አሳለኝ።

ጋራዥ ስንመለስ ፒፓ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች። ኤምሪስ ክንዱን እስከ ክርኑ ሞተሩ ውስጥ ከቶ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ሳታጣራ ረጨችው» አላት። «እንደዚህ ያለ ሰው እዚያ መቆም የለበትም።»

«እኔ ግን ውስጥ ነበርኩ፤ እንኳንም ረጨችኝ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ፒፓ ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

አመሻሽ ላይ ልጅቷ ቱታዋን አውልቃ በጋራዡ የኋላ በር መጣች።

«ነጂው ተሻለው?»

«እሱ ደህና ነው» አለ ኤምሪስ። «የታመመው መኪናው ነው።»

አየችው። ጸጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ጺሙ ሁሉ ነጭ ሆኗል። «አንተም በአንድ ቀን ሸበትክ» አለችው።

እጁን ወደ ጸጉሩ ሰደደ። መዳፉ ላይ የቀረውን ዱቄት አየና ሳቀ። ኤምሪስ ሲስቅ ካየሁ ወራት ሆኖኝ ነበር።

«ሌላ ብሩሽ አለህ? ላግዝህ።»

«ከቡድኑ ውጪ የሆነ ሰው መኪናውን መንካት አይፈቀድለትም።»

«ጠዋት ነካሁት እኮ። ያውም በስድስት ኪሎ ዱቄት።»

ስሟ ሜሪቼል መሆኑን ነገረችን። «ሥራሽ ምንድን ነው?» አላት ኤምሪስ።

«ሹፌር ነኝ።»

እኔ ጆሮዬን አቆምኩ። «ምን ትነጃለሽ?»

«አውቶቡስ። እዚሁ አጠገብ ያለችው ከተማ፣ የግራኖሌርስ ሁለት ቁጥር» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ከአንተ ይልቅ እኔ ብዙ ሰው አድርሻለሁ። ያውም ሳላጨስ።»

ከመሄዷ በፊት በሩን ይዛ ቆመች። «እሑድ እናቴ ካልሶት ትጠብሳለች። ና» አለችው ኤምሪስን። ወደ እኔ ጠቆም አድርጋም፣ «ይሄንንም ይዘኸው ና፤ ከስቷል።»

እሑድ ሄድን። የእናቷ የወይዘሮ ሬሜይ ግቢ ውስጥ ካልሶት የሚሉት ረጃጅም ሽንኩርት በወይን ጭራሮ እሳት ላይ ተደርድሮ ይንጨረጨራል። የለውዝ ዛፉ አብቦ ነበር። ካልሶት ሲበላ ያረረውን ልጣጭ በእጅ መግፈፍ፣ ነጩን ስጎው ውስጥ መንከር፣ ከዚያ አንገትን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ወደ አፍ ማውረድ ነው። የሁላችንም እጅ ከሰል መሰለ። ኤምሪስ ስጎውን ጺሙ ላይ አፈሰሰው።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አሉት ወይዘሮ ሬሜይ።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ሚስትስ?»

«የለኝም።»

«ምን ሆነህ?»

«እማማ!» አለች ሜሪቼል።

«ልጠይቀው እንጂ። ምግቤን እየበላ አይደል?»

ኤምሪስ ጆሮው ቀላ። «ሥራዬ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከአገር አገር ነው የምንዞረው። አንድ ቦታ ቆሜ አላውቅም።»

«ማንም ቁም ብሎህ አያውቅማ» አለችው ሜሪቼል፣ ሽንኩርቷን እየገፈፈች። ለሱ ነበር የምትገፍፈው።

በኋላ ሁለቱ ከለውዙ ዛፍ ስር ብዙ ቆዩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ወይዘሮ ሬሜይ ሦስተኛ ሳህን አምጥተው አስረውኝ ነበር። ወደ ሆቴል ስንመለስ ኤምሪስ ግማሹን መንገድ መዳፉ ላይ የቀረውን ከሰል ሲፍቅ ቆየ። በኋላ፣

«ላሴ...»

«አቤት።»

«እነዚያ ኩርባ ላይ የሚቆሙት ሰዎች በስንት ሰዓት ነው ሥራ የሚጨርሱት?»

«ለምን ፈለግከው?»

«እንዲያው ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት መኪናው ልብ ገዛ። ሰኞና ማክሰኞ እንደ ልባችን ነዳን። ሥራ ሲያልቅ ኤምሪስ እጁን ታጥቦ ይጠፋል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ከሜሪቼል ጋር ይራመዳሉ። ቀን ደግሞ ዘጠነኛው ኩርባ ላይ ቀስ ብዬ ባለፍኩ ቁጥር እጇን ታነሳልኛለች። ጋራዥ ስገባ ኤምሪስ ቀበቶዬን የሚያጠብቅ መስሎ ጎንበስ ይላል።

«አለች?»

«አለች።»

«ምን ትመስላለች?»

«በዚያ ፍጥነት ስሄድ የቱን አይቼ ልንገርህ?»

ረቡዕ ጠዋት ግን ቦታዋ ላይ አንድ ጺማም ሰውዬ ቆሞ ነበር። ለኤምሪስ ነገርኩት። ደወለላት፤ አታነሳም። ምሳ ሰዓት ላይ ሲፈልጋት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳ የጋዜጠኞችን መኪና ስታስቆም አገኛት። የሆነውን በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ኩርባ ላይ ቆሜያለሁ» አለችው። «ዛሬ ወደ መኪና ማቆሚያ ሂጂ ተባልኩ። ቡድናችሁ አመልክቶብኛል። 'ሳታጣራ ረጨችው፤ እዚያ መቆም የለባትም።' የማን አፍ ነው ይሄ?»

አንድ መኪና በእጇ አሳልፋ መልሳ ወደ እሱ ዞረች።

«እናቴ ቤት ስትበላ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ማለቴ... ብያለሁ። ግን በንዴት ነው። አቤቱታ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም—»

«መኪና እየመጣ ነው» አለችው። «ዞር በል።»

ኤምሪስ ቀጥታ ወደ ፒፓ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ፒፓ፣ በዚያች ልጅ ላይ ያመለከትሽውን አንሺልኝ።»

«አንተ ያልከኝን እኮ ነው ለአዘጋጆቹ የነገርኳቸው።»

«ተሳስቼ ነው። እሷ ቦታ ብሆን እኔም እረጭ ነበር። ላሴ ውስጥ ነበር።»

ፒፓ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ?»

«እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያልኩ ነው። የሚሰማኝ ጠፋ እንጂ።»

ስልኳን አንስታ ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋገረች። ስትጨርስ፣ «ነገ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች» አለችው። «ነገ ደግሞ ስፖንሰሮቹ መጥተው ያዩናል። ልብህን ሰብስበህ ና።»

ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነበር። የአንድ ሙሉ ውድድር ርዝመት ያለ አንዲት ኮሽታ ነዳሁ። በሰዓትም ከሁሉም ቡድኖች አምስተኛ ወጣን። ፒፓ ሰው ስታቅፍ ታይታ የማትታወቅ ሴት፣ ያን ቀን ያገኘችውን ሁሉ አቀፈች፤ ከጎረቤት ጋራዥ በስህተት የገባውን ሰውዬ ሳይቀር። ሁሉም ሲጮህ ኤምሪስ ቀበቶዬን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

«አለች?»

«ተመልሳለች።»

«እጇንስ?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «አላነሳችም።»

አርብ ማታ ነበር በረራችን። ከሰዓት በኋላ ኤምሪስ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ክፍሌን አንኳኳ። «አብረኸኝ ትሄዳለህ? ብቻዬን ከሆንኩ ቃል አይወጣኝም።»

ግራኖሌርስ፣ ሁለት ቁጥር ፌርማታ ላይ ቆምን። አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ሜሪቼል አየችን፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

«ትኬት» አለች።

ኤምሪስ የሁለታችንንም ከፈለ። አፉን ሲከፍት ጣቷን ከራሷ በላይ ወዳለው ማስታወቂያ ጠቆመች። በጉዞ ላይ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው ይላል።

«ሲቆምስ?» አላት።

በሩን ዘግታ ነዳች። ኤምሪስ ብረቱን ይዞ ከፊት ቆመ። እኔ ከኋላው ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ላይ ተሳፍሬ አላውቅም።

ቀጣዩ ፌርማታ ደረሰ። «ሜሪቼል፣ ያልኩትን ብያለሁ። ያን ጠዋት ግን—»

በሩ ተዘጋ።

ሌላው ፌርማታ። «አልክድም፤ ነገር ግን ሁኔታው—»

አትክልት የሞላ ጋሪ የሚጎትቱ አሮጊት ገብተው መሃላቸው ቆሙ። ወይዘሮ ካንዲዳ ይባላሉ፤ የዘወትር ደንበኛዋ ናቸው። ሽቅብ አዩት። «ምን ሆኖ ነው ይሄ?» ብለው ሜሪቼልን ጠየቋት። እሷ ጣቷን ወደ ማስታወቂያው ቀሰረች። እኔን ጠየቁኝ። በተሰባበረው ስፓኒሽ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ዞር ብለው ለአውቶቡሱ ሁሉ በአገሬው ቋንቋ፣ በካታላን አስረዱ።

«ዘጠኝ ዓመት የቆመችበትን ቦታ?» አለ ውሻ የያዘ ሰውዬ። «እኔ ብሆን አልምርም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ሚስትህ ስንቴ ምራሃለች» አሉት ወይዘሮ ካንዲዳ። ከዚያ ወደ ኤምሪስ ዞሩ። «ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

«ልጠይቅ ነበር እማማ፤ ፌርማታው አጠረብኝ።»

«ታዲያ በይቅርታው ጀምራ ልጄ። ምክንያቱን ኋላ ትደርስበታለህ።»

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ በሩ ተከፈተ። የሚወርድ አልነበረም። የሚሳፈርም አልነበረም።

«ይቅርታ» አላት። ሌላ ምንም አልጨመረም።

በሩ ከሌላው ጊዜ ትንሽ ቆይቶ ተዘጋ። በመስታወቱ ዓይኗን አየሁት፤ መንገዱን ብቻ አልነበረም የምታየው።

የመጨረሻው ፌርማታ ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ሁሉም ሰው መውረድ ነበረበት። ማንም አልወረደም። ሜሪቼል ሞተሩን አጠፋችና ወንበሯን ዞር አደረገች።

«ትንሽ እረፍት አለኝ። አሁን ተናገር።»

ኤምሪስ ብረቱን ለቀቀ። «ያን ቀን የተናደድኩት በአንቺ አልነበረም። እንፋሎቱ የወጣው ከላላ ቧንቧ ነው። ቧንቧውን ያሰርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሁሉም ሰው ያንን መኪና ሲጠብቅ ከርሞ በእኔ እጅ ቆመ። ማፈሬን አንቺ ላይ ወረወርኩት።»

«ለፒፓ ይህን ነግረሃታል?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ምን አለችህ?»

«'አውቅ ነበር' አለችኝ።»

ሜሪቼል ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ዛሬ ማታ ትሄዳለህ።»

«እሄዳለሁ። በግንቦት እዚህ ውድድር አለን። ግን እስከ ግንቦት አልችልም... ባረፍኩበት እሑድ ሁሉ ልምጣ። ከፈቀድሽልኝ።»

«እሑድ እሠራለሁ።»

ትከሻው ወረደ። ወይዘሮ ካንዲዳ እስትንፋሳቸውን ዋጡ።

«እስከ ስምንት ሰዓት» አለች ሜሪቼል ቀስ ብላ። «ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን ማንም የለብኝም።»

እጇን ዘረጋችለት። በሁለት እጁ ያዛት፤ ሊለቃት ያሰበም አይመስልም። ወይዘሮ ካንዲዳ መሀረባቸውን አወጡ። እኔም... አቧራ ገብቶብኝ ነበር።

«እሺ፣ አሁን እንሂዳ» አለ ባለውሻው።

«እረፍቷ አላለቀም!» ብለው ተሳፋሪዎቹ በአንድ ላይ ጮኹበት።

ዘንድሮ ያ ሁሉ ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሆን ነው። ያን ዓመት ስድስተኛ ጨረስን፤ የፒፓ ቃል ቆመ። ኤምሪስ ባረፈበት እሑድ ሁሉ ግራኖሌርስ ነበር፤ አንዴ እንኳ አልቀረም። ባለፈው ጥር ወይዘሮ ሬሜይ ግቢ ውስጥ ተጋቡ። ሜሪቼል አሁን ፋብሪካችን አጠገብ፣ ኖርዝሃምፕተን ነው የምትኖረው። አሁንም አውቶቡስ ትነዳለች። ወደ እንግሊዝ እንደመጣች ሰሞን በግራ በኩል መንዳት ከብዷት እንደሆነ ጠይቄያት ነበር።

«ግራው ምንም አይል» አለችኝ። «የከበደኝ ሕዝቡ ነው። ተሳፍሮ፣ ዝም ብሎ፣ ተቀምጦ፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሰው እንዴት ሳይነጋገር አብሮ ይሄዳል?»

ዝም ብላ አልተወቻቸውም። ዛሬ በሷ አውቶቡስ የሚሳፈሩት ሁሉ ኤምሪስ የትኛው አገር እንዳለ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ምን እንደሚወድ ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት ከሩቅ ውድድር ስንመለስ ከኤርፖርት አብሬው ሄድኩ። ፌርማታው ላይ ቆመን ሳለ አውቶቡሱ መጣ። በሩ ገና ሳይከፈት፣ ውስጥ ያሉት እንግሊዞች በሙሉ መስኮቱን እየደበደቡ፣ «ሜሪቼል፣ መጣልሽ!» ሲሏት ሰማሁ።