የዘለልኳት ገጽ

ሆሳዕና ላይብረሪ ለኢንተርንሺፕ የተመደብነው ሁለት ነበርን። እኔ የድሮ መመረቂያ ጽሑፎችን ስካን አደርጋለሁ፤ ኤሊያስ ገጽ እንዳይጎድል ይቆጥራል።

«ማራኪ፣ ጣትሽ ገብቷል» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«የት?»

«ገጽ አሥራ ሁለት። አውራ ጣትሽ ከነጥፍሩ።»

«አጥፋዋ።»

«አላጠፋም። ትቀመጥ።»

በቃ፣ እንዲህ ተጀመረ። ሲስቅ ጠረጴዛውን ያያል፤ እኔ እሱን። በሁለተኛው ወር አገሩ ቦኖሻ ወስዶ ለአባቱ ሊያሳየኝ ቅዳሜን ቀጠርን።

«አባዬ መጀመሪያ ጎሳሽን ነው የሚጠይቅሽ።»

«አላውቅማ። አባቴ ሳልወለድ ነው የሞተው። እማዬ ሀደሮ ወስዳ አሳደገችኝ።»

«ብቻ የእኛ እንዳትሆኚ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ረቡዕ ጠዋት ስለ ቦኖሻ ጎሳዎች የተጻፈ ጽሑፍ ደረሰኝ። ገጽ ሰማንያ አራት ላይ የዘር ሐረግ አለ። ከላይ አንድ ሰው፣ ከሥሩ ሁለት ልጆች። ሰባት ትውልድ ወርዶ በአንዱ በኩል የኤሊያስ አባት ከነሙሉ ስሙ። በሌላው በኩል ጴጥሮስ ባፈና፣ «በወጣትነቱ ያረፈ»። አባቴ ነው።

እኛ ጋ የአንድ ጎሳ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው። ሰባት ትውልድ ቢራራቁም አይጋቡም።

ገለጥኩና ሰማንያ አምስትን ስካን አደረግኩ።

ከሰዓት ኤሊያስ መጣ። «ሰማንያ አራት የለችም።»

«ባዶ ናት።»

«ባዶም ብትሆን ትገባለች።»

«ተዋት። አንዴ፣ ለእኔ ብለህ።»

ቀልድ መሰለው። ጥራዙን ከፊቴ አንስቶ ገለጠ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቆሞ ቀረ።

«መቼ አየሽው?»

«ጠዋት።»

«ደብቀሽኝ ቦኖሻ ልትሄጂ ነበር?»

«አዎ። አንተም ቀድመህ ብታየው ትደብቀኛለህ ብዬ ነበር።»

ገጿን ራሱ የስካነሩ መስታወት ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። መብራቱ ከሥሯ ሄዶ ተመለሰ።

ቅዳሜ የቦኖሻው ጉዞ ቀርቶ መናኸሪያ የሀደሮ መኪና ስጠብቅ ኤሊያስ አባቱን ይዞ መጣ። ሽማግሌው እያለቀሱ አቀፉኝ።

«የጴጥሮስ ልጅ። ሞታለች ብለን ነበር እኮ፣ ልጄ።» ወደ ኤሊያስ ዞር አሉ። «ምን ትገተራለህ? ሳማት እንጂ፣ እህትህ ናት።»

ኤሊያስ ጎንበስ ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ከዚያ በፊት ስሞኝ አያውቅም።