ያላያችሁትን አትጻፉ

መምህሩ የተገኘው በቋንቋ ትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ቢሮው ውስጥ፣ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ክራቫቱ እንኳ አልተዛነፈም። የኋላ ጭንቅላቱ ግን የብረት ቁም ሳጥኑን ሹል ጠርዝ መትቶ፣ ደሙ እስከ ጠረጴዛው እግር ድረስ ሄዶ ደርቋል። ቀይ እስክሪብቶው ክዳኑ እንደተከፈተ አጠገቡ ወድቋል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጀርባዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ታውቃለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ዛሬ ግን ከማለዳ ጀምሮ እግሯ አላርፍ ብሏታል።

«ይሄኛው እንኳ ለምን አያስፈልገውም» አለ ሳጅኑ ቀድሟት። «የፅዳት ሠራተኛዋ ጠዋት ተጣልታዋለች። እሱ ሲሞት ፎቁን ስታጥብ የነበረችው እሷ ነች። ገፍታዋለች፣ አለቀ። አለቃም ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ልኬ እስር ቤት አስገባታለሁ ብለዋል።»

«ለምን ዘጠኝ ሰዓት?»

«ይኸው ጀመሩ።»

መርማሪዋ አልሰማችውም። ጎንበስ ብላ ወለሉን በጣቷ ዳሰሰች። የኮሪደሩ ወለል ተወልውሎ መጥቶ፣ በሩ ጋ ለመድረስ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። ከዚያ ወዲህ፣ ቢሮውን ጨምሮ፣ የትናንቱ አቧራ እንዳለ ነው። ሰው ያንሸራተተ ውሃ የለም፤ ሴትዮዋም እዚህ ድረስ አልወለወለችም።

መስኮቱን ከፈተችው። በጓሮ በኩል ነው፤ ፊት ለፊቱ ከጎረቤት ሕንፃ ባዶ ግድግዳ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ወደ ውስጥ ገባ ባለው የመስኮቱ ደፍ ላይ ብቻ፣ ጠርዙ በተሸረፈ ሰማያዊ ሳህን ውስጥ፣ አንዲት ግራጫ ርግብ ተቀምጣ በአንድ ዓይኗ አየቻት።

«አንቺ አፍ ቢኖርሽ እኔ ምሳዬን እበላ ነበር» አለቻትና መስኮቱን ቀስ ብላ ዘጋችው።

የፅዳት ሠራተኛዋን ዕቃ ቤት ውስጥ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ አገኘቻት።

«እሜቴ፣ እኔ ሰው አልገደልኩም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡሱ በዘጠኝ ተኩል ከግቢያቸው አሳፍሮ ቤታችን በር ላይ ያወርዳታል። የቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ከኔ ሌላ ሰው የላትም።»

«ለምን ተጣላችሁ?»

«በሳህን! የሳሙናዬን ሳህን ወሰደብኝ። ነፋሱ የወፊቱን ጎጆ አፍርሶባት፣ እንቁላሎቿ ሊወድቁ ነው ብሎ። ‹ሳህኔን መልስ፤ በሰው ዕቃ ጽድቅ ይሠራል ወይ!› ብዬ ጮህኩበት። ዳይሬክተሯ ይኼን ነው የሰማችው። ኋላ እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። የሳቅነውን የሰማልኝ የለም።»

«መቼ ነው ይኼ?»

«ዛሬ ነዋ። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ተማሪዎቹ ሳይገቡ።»

«ከዚያስ? ፎቁን ስታጥቢ ማን ወጣ?»

«አራት ሰዓት አልፎ ውሃ ልቀይር ጓሮ ወረድኩ። ቧንቧው እንደ ክር ቀጥኖ ሩብ ሰዓት ያህል አቆመኝ። ማን እንደወጣ በምን አውቄ።»

የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በበኩሏ ስለ ሟቹ አሠራር ስታወራ እንባዋ ይቀድማት ነበር። የጠዋቱ የእንግሊዝኛ ክፍል ሦስት ተማሪዎች ብቻ አሉት፤ ሁሉም ሥራ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው፦ አንዲት ነርስ፣ አንድ ልብስ ሰፊና አንድ ሾፌር። ዘወትር ረቡዕ፣ ከአራት እስከ አራት ተኩል፣ መምህሩ ሦስቱንም ምድር ቤት ወዳሉት መስኮቶች ለየብቻ ይበትናቸዋል። አሁን በመሆን ላይ ያለውን ነገር በአሥር ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ግሱ የአሁኑን ጊዜ ይይዛል፤ ለያንዳንዱ ነገር ደግሞ አንድ ቅጽል ይፈለግለታል። እሱ ቢሮው ወጥቶ ይጠብቃል።

«አንድ ሕግ ብቻ ነበረው» አለች ዳይሬክተሯ። «ከሰሌዳው ላይ ተጠፍቶ አያውቅም። ያላያችሁትን አትጻፉ።»

ዛሬ ሲጨርሱ መምህሩ አልወረደም። ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሲጠብቁ ከፎቅ የፅዳት ሠራተኛዋ ጩኸት መጣ። መርማሪዋ ደብተሮቹን ሰብስባ በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደች አነበበች።

ነርሷ ከክፍሉ መስኮት ሆና፣ መንገድ ላይ ስለተገለበጠው ጋሪ ጽፋለች። ትልልቅ ብርቱካኖች እየተንከባለሉ ነው፤ የተናደደ ሽማግሌ እየጮኸ ነው። ልብስ ሰፊው ከበረንዳው መስኮት ያንኑ አይቷል፤ አንዲት አጭር ሴት በቢጫ ቀሚሷ ብርቱካን እየሰበሰበች ነው ካለ በኋላ፣ ቀሚሱ መጥፎ ስፌት እንዳለው መመስከሩን አልተወም። ሾፌሩ አምስት ብቻ ነው የጻፈው። መስታወቱ ቆሻሻ ነው። ትንሽ ጉንዳን እየሄደች ነው። ቀዝቃዛ ብረት ይዣለሁ። ግራጫ ርግብ በሰማያዊ ሳህን ውስጥ ተቀምጣለች። እጄ እርጥብ ነው።

መርማሪዋ መንጎራደዷን አቆመች። ከዚያ ወደ ፎቅ ተመልሳ፣ ከብረት ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሦስቱንም የዓመቱን ደብተሮች አወጣች።

ሦስቱን ተራ በተራ ጠራቻቸው። ነርሷ ሳትጠየቅ ተናዘዘች፤ መምህሩ ለፈተና አልደረስሽም ስላላት ሁለት ሳምንት አኩርፋዋለች። «ግን መርፌ የምወጋው ሰው ለማዳን ነው» አለች። ልብስ ሰፊው፣ መምህሩ አንድ ቀን በአነጋገሩ ስለሳቀበት ቂም ይዞ እንደነበር አመነ። ሾፌሩ አመዳም ፊቱ በላብ ወዝቶ፣ ቁልፉን በጣቱ ላይ እያሽከረከረ ገባ።

«ከመጻሕፍት ክፍሉ መስኮት ነበርኩ፣ መንገዱን ፊት ለፊት ከሚያየው። ይቅርታ እህቴ፣ ስንት ሰዓት ሆነ? የተማሪ አውቶቡስ ነው የምነዳው። አርባ ልጆች ይጠብቁኛል።»

«ሰባት ተኩል» አለችው። ትሪ የሚያህል ሰዓት ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ጋሪ ሲገለበጥ አላዩም?» አለች ቀጥላ።

«ጩኸት ሰምቻለሁ። ልብ አላልኩትም።» ሲወጣም መለስ ብሎ፣ «ስንት ሰዓት አልሽኝ?» አላት።

ስምንት ተኩል ላይ ሁሉም መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። የፅዳት ሠራተኛዋ በሩ ሥር፣ የቤቷን ቁልፍ ጨብጣ ቆማለች። አለቃው ሁለት ጊዜ ደውሏል። የመርማሪዋም ልብ ከሴትዮዋ ቁልፍ ጋር ተንጠልጥሏል፤ ብትሳሳት ልጅቷ ደጅ ላይ ትቀራለች፤ ብትዘገይ ደግሞ የባሰ ነገር አለ።

«መምህሩ አልተንሸራተተም፤ ወለሉ ደረቅ ነው» ብላ ጀመረች። «አራት ሰዓት ላይ ደህና ሆኖ ወደ ላይ ወጥቷል። ከዚያ የፅዳት ሠራተኛዋ ጓሮ ወርዳ ደረጃው ሩብ ሰዓት ባዶ ሆነ። በዚያ ሰዓት እናንተ ሦስታችሁ ለየብቻ ነበራችሁ። የት እንደነበራችሁ ግን ጽፋችሁልኛል። ነርሷና ልብስ ሰፊው ብርቱካን ጻፉ። ሾፌሩ መንገዱን ፊት ለፊት ከሚያይ መስኮት ተቀምጦ አንዲት ብርቱካን አልጻፈም። የጻፈው ርግብ ነው።»

«ርግብ የት የለም?» አለ ሾፌሩ።

«ርግብማ የትም አለ። በሰማያዊ ሳህን የተቀመጠች ግን አንዲት ናት፤ ያለችውም የሟቹ መስኮት ላይ ነው። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ካልሆነ ከየትም አትታይም። ሌላ ቀን አይቻት ነው እንዳይሉኝ፣ ሳህኑ እዚያ የተቀመጠው ዛሬ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ይቺ ሴት የተጣላችበት ሳህን እሱ ነው። በትምህርት ሰዓት ደግሞ ከክፍል የወጣ እንደሌለ ዳይሬክተሯ አረጋግጣልኛለች። ስለዚህ ከአራት እስከ አራት ተኩል ቢሮው ውስጥ ነበሩ።»

ሳጅኑ ወደ በሩ ተጠጋ።

«እኔ ግን ለምን የሚለው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ» አለች መርማሪዋ፤ አሮጌዎቹን ደብተሮች አነሳች። «በመጀመሪያው ደብተር፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመድኃኒት ቤት ቀለም ጽፈዋል። በሁለተኛው፣ አጥሩ ጋ ያለውን ዛፍ። በሦስተኛው፣ የመስኮቱን ብረት። ዛሬ ጉንዳን። መምህሩም ከሥሩ በቀይ መጀመሪያ ‹ጥሩ› ብሏል። ቀጥሎ ‹መንገዱስ የት ሄደ?› ብሏል። ያለፈው ረቡዕ ‹ዓይንህን ምን ነካው? ለብቻህ አነጋግረኝ› ብሏል። እኔንም ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ሰዓት ጠይቀውኛል። ሰዓቱ ያው ፊትዎ ተሰቅሏል። ስንት ይላል?»

ሾፌሩ ቀና አለ። ዓይኖቹን አጠበባቸው። ቁልፉ ከጣቱ ላይ ወድቆ ወለሉ ላይ ጮኸ።

«ጭጋግ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሐኪሙ መነፅርም አይመልሰውም አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ነዳሁ፤ ዶሮ እንኳ አልገጨሁም። መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ። እሱ ግን ‹እስከ ዓርብ ለአሠሪዎችህ አንተ ንገራቸው፤ አለዚያ እኔ እነግራለሁ› አለኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር የወጣሁት። እምቢ ሲለኝ ገፋሁት። አንዴ ብቻ። ቀና ስል ያቺ ወፍ ፊቴ ላይ አለች።»

«ታዲያ ለምን ጻፍካት?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሳያስበው።

«ምን ልጻፍ? ወርጄ መስኮቱ ጋ ስቀመጥ መንገዱ ባዶ ነጭ ነው። ሰዓቱ አለቀ። ሌላ ያየሁት ነገር የለም።» ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ ጽሑፉ እንደማይታየው ሁሉም አወቁ። «ያላያችሁትን አትጻፉ ይለን ነበር።»

የፅዳት ሠራተኛዋ ከበሩ ሥር ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ቀረበች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር።

«ልጄ ከኋላህ ካለው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ጋሼ ሾፌር ከረሜላ ሰጠኝ ትለኛለች።»

ሾፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ዛሬ ማን ያደርሳቸዋል?» አለ ከእጆቹ ውስጥ።

ሳጅኑ ወደ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ሲደውል፣ መርማሪዋ የፅዳት ሠራተኛዋን እስከ ግቢው በር ሸኘቻት።

«ሳህንሽ ማስረጃ ሆኗል» አለቻት። «ግን ርግቧ እንቁላሎቿን እስክትፈለፍል ማንም አይነካውም። ለአለቃዬ እኔ እነግራለሁ።»

«ትቀመጥበት» አለች ሴትዮዋ፣ ነጠላ ጫማዋን እያጠበቀች። «እኔ ሌላ እገዛለሁ።»

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር። የእስር ቤቱ መኪና ጥግ ይዞ ሲመጣ፣ እሷ በተቃራኒው መንገድ ቁልፏን ጨብጣ ወደ ልጇ ትሮጥ ነበር።