ሙሉ ፈቃድ

በሩ እጀታ የለውም። ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው የአእምሮ ሞገድ ያነብና፣ ሰውየው ከልቡ ማለፍ ከፈለገ ይከፈታል። «ፈቃድ አንባቢ» ይሉታል። አራቱ የምህንድስና ተማሪዎች ግን በግቢው ሲዞሩ ስንጥቁን ራሱ የሚጠግን ሕንፃ አይተው ስለመጡ ብዙም አልደነቃቸውም። ለቤተ ሙከራው ጓጉተው ነበርና በሩ አንድ በአንድ አስገባቸው።

«ግማሽ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም» አሏቸው ዶክተር አምሳለ፣ በሩን የሠሩት አዛውንት መምህርት። «አደገኛ ክፍል ነው፤ ማንም ተገፍቶ እንዳይገባ፣ ተገፍቶም እንዳይወጣ ብዬ ነው። ደፉ ላይ ሰው ከቆመ ደግሞ አይዘጋም።»

«ማን ፈተነው?» አለ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ይትባረክ።

«እኔው ብቻዬን ስገባ ስወጣ።»

መሣሪያዎቹን እያሳዩአቸው ሳለ የማቀዝቀዣው ቧንቧ መጋጠሚያ ለቀቀ። ነጭ ጉም ወለሉን ሸፈነው። ናይትሮጅን ነው፤ አይሸትም፣ አያቃጥልም፤ የሚተነፈሰውን አየር ቀስ አድርጎ ይነጥቃል። የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። ሁሉም ወደ በሩ ሮጡ፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«ዶክተር፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ ይትባረክ።

«ልጆቼን እዚህ ትቼ? አይሆንም፤ ውጡ።»

«እርስዎን ጥለንማ አንወጣም።»

በሩ በለስላሳ ድምፅ «ሙሉ ፈቃድ አልተነበበም» አለ። ይትባረክ ዶክተሯን በክንዳቸው ይዞ ወደፊት ይገፋል፤ እሳቸው መልሰው እሱን ይገፋሉ። ሌሎቹ ሁለት ተማሪዎችም አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ ይባባላሉ። ሰው በይሉኝታ አይሞትም የሚል ካለ የእኛን ሰው በር ላይ አላየውም።

ከኋላ የቆመችው አራተኛዋ ተማሪ ምሥራቅ ጉሙ ወደ ላይ ሲወጣ አየች። ዶክተሯንም ጓደኞቿንም ረሳች። ልውጣ ብቻ አለች በልቧ፤ በመሃላቸው ሾልካ በሩ ፊት ቆመች። ተከፈተ። ሮጣ ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።

ደፉ ላይ ብትቆም ኖሮ ሁሉም ይወጡ እንደነበር የገባት ኮሪደሩ ላይ አየር ከሳበች በኋላ ነው። ተመልሳ በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

«ክፈት፤ ልግባ።»

«ሙሉ ፈቃድ አልተነበበም።»

እውነቱን ነው። አፏ ይለምናል፣ እግሯ ወደኋላ ይላል። በበሩ መስታወት አሻግራ ስታይ ዶክተር አምሳለ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ሊያነሳቸው የሚታገለው ይትባረክም ተንበረከከ።

ያኔ ነገ ታያት። አራት ለቅሶ ቤት አለ። በእያንዳንዱ ደጃፍ እሷ ቆማለች፤ አንዲት እናት ቀና ብላ «አንቺስ እንዴት ወጣሽ?» ትላታለች። ከዚያ ጥያቄ ይልቅ ጉሙ ቀለላት።

በሩ ተከፈተ። ደፉ ላይ ቆማ ትንፋሿን ያዘች፤ እጇን ዘርግታ በቅርብ ያገኘችውን ልብስ ጎተተች። ሁለቱ ተማሪዎች ወጡ፤ ይትባረክም ዶክተሯን እየጎተተ ተከተለ።

ኮሪደሩ ላይ ትንፋሻቸው ሲመለስ ዶክተር አምሳለ የምሥራቅን እጅ ያዙ።

«ጀግና ነሽ ልጄ።»

«አይደለሁም ዶክተር። ስወጣም ፈርቼ ነው፣ ስመለስም ፈርቼ ነው።»

«መጀመሪያ ሞትን ፈራሽ፤ ማን አይፈራም። ኋላስ ምን ፈራሽ?»

«ብቻዬን መትረፍን» አለች ምሥራቅ፤ ማልቀስ የጀመረችውም ይህን ስትል ነው።