ከመፈክሩ ሥር ያለው ቅርፊት

የዛፍ ባለሙያው አምባቸው ጣና ዳር ባለው የእንግዳ ማረፊያ፣ ጃካራንዳው ሥር ራሱን ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። የታመሙትን የግቢ ዛፎች ሊመረምር የመጣው ገና ትናንት ነበር። ከሬሳው አጠገብ የአትክልተኛው የአለበል መጥረቢያ ወድቋል።

ካድሬው አዘዘ ምርመራ አላስፈለገውም።

«ይህ ሽማግሌ አትክልተኛ ዛፎቹን መርዟል ብዬ ለበላይ አመልክቼ ነበር። ሊጋለጥ ሲል ገደለው። አስረክቡኝ!»

በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የተወሰደ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ለምርመራ የመጣችው የፖሊስ መቶ አለቃ የብርጓል ካድሬውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሬሳ ፊት እንኳ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅም። ናቀችው።

«አያ አለበል፣ መጥረቢያው የእርስዎ ነው?»

«የኔው ነው። ማታ እዚሁ ትቸው ሄድሁ። በማርያም ልጄ፣ እንኳን ሰው ዛፍ አልበደልሁ!»

የማረፊያው ኃላፊ እናትዓለም እየፈራች ተናገረች። «ማታ ባለሙያው ለአያ አለበል፣ ለጓድ አዘዘና ለኔ ‹ነገ የበሽታውን ምክንያት አሳያችኋለሁ› ብሎን ነበር።»

የብርጓል የሟቹን ጭብጥ ፈለቀቀች። በቢላ የተላጠ ቅርፊት ይዟል፤ መካከሉ ተበስቶ የዝገት ቀለም ነክቶታል፣ ዙሪያው ጠቁሮ በስብሷል። ቀና ስትል ጃካራንዳው ላይ «የሕዝብ ጠላት ይጋለጥ!» የሚል ቀይ ጨርቅ ተቸንክሮ አየች፤ በሌሎቹም የታመሙ ዛፎች ላይ እንዲሁ መፈክር ተሰቅሏል።

«ይኼን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኛ!» አዘዘ ደረቱን ነፋ። «መፈክር በማንም እጅ አይነካም። ለበዓሉ የቸነከርሁት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።»

«ጥሩ» አለችና ሁሉንም ዛፉ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ ቢሆን ዛፉ በሙሉ በጠወለገ። እዚህ ግን የታመመው ሚስማር የገባበት ቅርፊት ብቻ ነው። መፈክር ያልተሰቀለባቸው ዛፎች ደኅና ናቸው።» የጨርቁን ጠርዝ ገለጠች። ከሥሩ ግንዱ በሟቹ እጅ በተገኘው ቅርፊት ልክ ተልጧል፤ ገና እርጥብ ነው፤ ሚስማሩም በተላጠው ግንድ ላይ እንደገና ተመትቷል። «አምባቸው ጨርቁን አውርዶ ይህን ላጠ። ከዚያ ተገደለ። ታዲያ ጨርቁን መልሶ የቸነከረው ማን ነው? ሬሳው? አያ አለበል እንዳይሆኑ፣ ይህ ቁስል ነጻ የሚያወጣቸው ነው፤ ለምን ይሸፍኑታል?»

«ሌላ ሰው ሰቅሎት ይሆናል» አለ አዘዘ፤ ድምፁ አሁን ወርዷል።

«የነካው የለም ያልኸው አንተ ነህ። ዛፎቹን ያቆሰልህ አንተ፣ ሰው የከሰስህ አንተ። ሐሰትህ እንዳይወጣ ብለህ ሰው ገደልህ። ለሚስማር!»

ካድሬ ማሰር ጣጣ እንዳለው ታውቃለች። ቢሆንም ካቴናውን አወጣች።

አለበል ከዕቃ ቤት ጉጠት አምጥቶ ሚስማሮቹን መንቀል ጀመረ። ጨርቁ አዘዘ እግር ሥር ወደቀ፤ ያነሣውም አልነበረም።